አይጥ የበላው ግድግዳ

የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚነሣው የጭቃና የጭድ ሽታ ዛሬም ምራቄን ያመጣዋል።

ከመካነ ሰላም ራቅ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ ክረምት በገባ ቁጥር እናቴ ከጎታው ጀርባ ቁጢጥ ብላ ከግድግዳው እየፈረፈረች ትበላ ነበር። መጀመሪያ የደረስኩባት ዕለት ደንግጣ አፏን በሻሿ ጠርጋ፣ «አይጥ ነው የቦረቦረው» አለችኝ። ያመንኩ መሰልኩ፤ እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ግን እኔም ገብቼ እልሰው ነበር። ደም ያነሰው ሰው አፈር እንደሚያምረው ማን ይነግረናል?

መስከረም ጠብቶ ሆዷ ገፋ ሲል፣ ከምንጩ እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ታርፍ ጀመር። መዳፏ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እርግዝናው ነው» ይል ነበር። እርግዝና በእኛ አገር የማይሸፍነው በሽታ የለም።

በጋው ሳይጋመስ ረመዷን ገባ፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ደም የሚለኩ ሰዎችም መጡ። የእኔንና የታናሽ ወንድሜን ጣት ወግተው በትንሽ መሣሪያ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ግን እርጉዝ ሆና ትጾም ስለነበር፣ «ደም ከሰጠሁ ጾሜ ይፈርሳል፤ ከዒድ በኋላ ኑ» አለች።

«እሺ እትዬ ዘይነባ» አለች ለኪዋ ሴት። «አፈርስ ያምርዎታል? የሚያምርዎት ከሆነ ዒድን አንጠብቅም፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አኡዙ ቢላህ፣ ሰው አፈር ይበላል?»

ሴትዮዋ ከጎታው ጀርባ የተቦረቦረውን ግድግዳ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«አይጥ ነው» አልኩ።

ጽፋ ሄደች። እናቴ ግንባሬን ስማ፣ «አላህ ያሳድግሽ፣ ገመናዬን ሸፈንሽልኝ» አለችኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዒድ ሳይደርስ ምጥ መጣ። እህቴ በሰላም ተወለደች፤ እናቴን ግን ደሙ አልቆም ብሏት፣ በጭነት መኪና ወደ መካነ ሰላም ስትወሰድ ኮረኮንቹ ላይ ሕይወቷ አለፈ። የፈሰሳት ብዙ አልነበረም አሉ። እሷ ግን ለትንሹም አቅም አልነበራትም።

ዛሬ ያንን መሣሪያ ይዤ በየቤቱ የምዞረው እኔ ነኝ። ከዐረብ አገር በሚላከው ገንዘብ ብዙው ጣሪያ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግድግዳው ግን አሁንም ጭቃ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት እርጉዝ የአፈሩን ጥያቄ ስጠይቃት ሳቅ ብላ «ኧረ እኔ አልበላም» ስትለኝ፣ አጠገቧ የቆመችው ልጇ ቀስ ብላ ወደ ጓዳው አየች። ልጅቷን አልጠየቅኋትም።

«የእኔ እናት ከጎታው ጀርባ ነበር የምትበላው» አልኳት ለእናቲቱ።

ከዚያ ጣቷን ዘረጋችልኝ።