ወይዘሮ ሃያ ዘጠኝ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ሊዲያ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የሴቶች የገና ጨዋታ ቡድናችን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ለበዓሉ በሚታተመው ትንሽ መጽሔት ላይ የቡድኑን ታሪክ የምትጽፈው እሷ ናት። «ማሚ፣ ይሄን ሪቪው አድርጊልኝ። ላይክ፣ ስሞቹን ብቻ ቼክ አድርጊ» አለችኝ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ መነጽሬን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «የመጀመሪያው ጨዋታ የተቋረጠው መሥራቻችን ወይዘሮ ስንዱ የሜዳውን ፈቃድ ሲጠይቁ ቀኑን ተሳስተው ስለሞሉ ነበር። እስከ ዛሬ በፍቅር ወይዘሮ ሃያ ዘጠኝ የምንላቸውም ለዚህ ነው» ይላል። ሊዲያ ከጎኑ የሚስቅ ፊት ለጥፋበታለች። ምስር ወጤ ምድጃው ላይ አረረ። ያን የተሳሳተ ቀን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመት የሸሸሁት ነገር በገዛ ልጄ እጅ ተጽፎ መጣልኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከመጣሁ አምስት ወር አልሞላኝም። ኮሌጅ ፓርክ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር፤ አለቃዬ እትዬ ስንዱ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አንሶላ በአንድ ውርወራ አልጋው ላይ የሚያሳርፉ ሴት። በልጅነታቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ገና ሲጫወቱ አድገው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ዱላውን ተቀምተው ዳቦ እንዲያከፋፍሉ እንደተላኩ ነግረውናል። ሌላውን ነገር ሁሉ እየሳቁ ያወራሉ፤ ይህን ሲያወሩ ግን አይስቁም።

ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። አሥራ ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ግማሾቻችን የሆቴል ሠራተኞች። ነፋስ ከጣላቸው ዛፎች ጫፉ የተቆለመመ ቅርንጫፍ እየለቀምን ልጠን ዱላ ሠራን። የምንመታውን ኳስ፣ ሩሩን፣ እትዬ ስንዱ ራሳቸው ከእንጨት ጠረቡት። ወንዶቹ ፊታችሁ እንዳይጎዳ በቴኒስ ኳስ ተጫወቱ ብለውን ነበር፤ እትዬ የቴኒስ ኳሱን ተቀብለው ለጎረቤት ውሻ ሰጡት።

የወንዶቹ መሪ ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ አጎቴ፣ ስኔልቪል ቤታቸው ያስጠለሉኝ ሰው። ክፉ አልነበሩም፤ ታክሲያቸውን ሲነዱም ሆነ ሰው ሲመሩ ነገር ከመስመር ሲወጣ አይወዱም እንጂ። ከብዙ ክርክር በኋላ ለእትዬ ስንዱ እንዲህ አሏቸው፦ የዘንድሮውን ሜዳ እናንተ አስፈቅዱ፣ ከእኛ በፊት አንድ ሰዓት ተጫወቱ፤ በሥርዓት ካለቀ በየዓመቱ ቦታ ይኖራችኋል፤ ካልሆነ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ለእኔ ደግሞ ቤት ስንገባ ሌላ ጨመሩልኝ። «እኔን ካሳፈርሽ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው» አሉኝ።

የፓርኩን ሜዳ ማስፈቀጃ ፎርም እንድሞላ ለእኔ ተሰጠ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ የእጅ ጽሑፌም የሚነበብ ስለነበር ኮራሁ። ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው ብዬ ነው የማውቀው። በየአራት ዓመቱ አንዴ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ በዓሉ ሃያ ስምንት ላይ እንደሚውል አገር ቤት ሳለሁ እናቴ ታስታውሰኝ ስለነበር ራሴ አስቤበት አላውቅም፤ ያ ዓመት ደግሞ ከእነዚያ አንዱ ነበር። የአጎቴ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሐበሻ ካላንደር አየሁ፤ ሃያ ዘጠኝን አገኘሁ፤ ከሥሩ በትንሹ የታተመውን የፈረንጅ ቀን ገለበጥኩ፦ ጃንዋሪ ስምንት። አሜሪካ የቆየ ሐበሻ ሁሉ ገና ጃንዋሪ ሰባት መሆኑን በእንቅልፉም ያውቃል። እኔ አዲስ ነበርኩ፤ አዲስ ሰው ደግሞ ከሚሰማው ይልቅ ወረቀት ያምናል። ፈቃዱ በፖስታ ሲመጣ «ተፈቅዷል» አልኳቸው፤ ማንም አሳዪን አላለም።

ስህተቴን ያወቅሁት በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የእረፍት ዝርዝር ተለጥፏል፤ የቡድናችን ሴቶች በሙሉ ዓርብ፣ ጃንዋሪ ሰባት ይላል። ከቦርሳዬ ፈቃዱን አወጣሁ። ስምንት። ማድረቂያዎቹ እየጮኹ፣ ሙቅ ፎጣ እንደታቀፍኩ ወረቀቱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ በአንድ ስልክ ይስተካከል ነበር። አልተናገርኩም። እንግሊዝኛዬን ፈራሁ፣ አጎቴን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ የእትዬን ፊት ፈራሁ። ማን ወረቀት ይጠይቃል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም፤ አጎቴ የጾሙ መጨረሻ ስለሆነ እየበረታሁ መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ዓርብ ጠዋት ሣሩ ደርቆ ቡና ዓይነት መልክ ይዟል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ሌሊት በጣለው ውርጭ ጠጥሮ ነበር። ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። እኛ ያገቡና ያላገቡ ተብለን ለሁለት ተከፈልን። ጨዋታው ተጀመረ፤ የዱላው ግጭት ሲሰማ ሊያላግጡ የመጡት ወንዶች ቀስ በቀስ ዝም አሉ። አንድ ለአንድ ሆንን። እኔ ግን ሩሩን ሳይሆን የፓርኩን መግቢያ ነበር የማየው።

ልክ ሩሩ እግሬ ሥር ወድቆ፣ ጎሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የፓርኩ ነጭ ፒክአፕ ገባ። ዱላዬን እንዳነሳሁ ደርቄ ቀረሁ። «ምቺው እንጂ!» ይላሉ ከኋላዬ። አንዷ ከፊቴ ጠልፋ ወሰደችው።

ሰውየው ጨዋ ነበር። ወረቀቱን ጠየቀ፤ እትዬ ስንዱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሰጠሁት። አነበበና ይህ የነገ ነው፣ ዛሬ ይህን ያህል ሰው ሜዳው ላይ ላቆይ አልችልም አለ። ጋሼ ታደሰ ለመኑት፤ አልሆነም። ለወንዶቹም ጨዋታ ቀረ ማለት ነው። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው አዩትና፣

«ማነው ይህን የሞላው?» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፍቼው ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እትዬ ስንዱ አዩኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው ያዩኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ዘጠኝን ቆጥሬ ነው።»

ሳቁ ፈነዳ። በገና ሜዳ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ይሰደባል፤ የተሰደበም አይቆጣም፤ ልማዱ ነው። ወንዶቹ እዚያው ግጥም ገጠሙላቸው፤ የገናን ቀን የማታውቅ የገና አለቃ አሏቸው። እትዬ አብረው አጨበጨቡ። ያን ቀን የወጣላቸው ስም ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው።

መኪናቸው ውስጥ ስገባ አለቀስኩ። ወሬውን አላስጀመሩኝም። «ነገ ሜዳው የእኛ ነው። ዱላሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ ብቻ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሴቶች መጣን። የሚያይ ወንድ፣ የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም። እስክንጠግብ ተጫወትን። ቡድናችን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በገና ማግስት የሚጫወተው ለዚህ ነው፤ ከወንዶቹ ቦታ ለምነንም አናውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከዓመታት በኋላ የሐበሻ ማኅበራችን ጸሐፊ ሲመረጥ እትዬ ስንዱ ተጠቆሙ። ያን ሥራ ይፈልጉት እንደነበር አውቃለሁ፤ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ከኋላ አንዱ «ስብሰባውን በማግስቱ ሊጠሩን ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ድምፁ ለሌላ ሄደ። እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ። ከፎርሙ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሊዲያን አስቀምጬ ነገርኳት። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ይህን ስታደርግ አይቻት አላውቅም። «ዌይት፣ አንቺ ነሽ? ለእሳቸው ነግረሻቸዋል?» አለችኝ። ምን እነግራቸዋለሁ፣ ያውቃሉ እኮ አልኳት። «ማወቃቸው ሌላ ነው፣ ማሚ» አለችኝ።

እትዬ ስንዱ አሁን ማሪዬታ ከተማ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ደወልኩላቸው። ጉልበታቸውን ታመው ነው የተቀመጡት። መጽሔቱ ላይ ስሜ እንዲጻፍ እንደምፈልግ፣ በበዓሉ ቀንም ቆሜ እንደምናገር ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኋቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። ዱላውን ስለተቀሙበት ቀን ሲያወሩ እንደሚሆነው ሆነ ድምፃቸው።

«ስሙን ለምጄዋለሁ፤ አልሰጥሽም» አሉኝ። «ጥፋቱን ግን ነይና ውሰጂ። ከብዶኝ ነበር።»

ነገሩ ቀላል ነው እያልኩ የኖርኩት ሸክሙን የያዘው ሌላ ሰው ስለነበር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሊዲያ የሚስቀውን ፊት አጥፍታ መስመሩን እንደ አዲስ ጻፈችው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ማሪዬታ እንሄዳለን፤ እትዬ ከመታተሙ በፊት እንዲያነቡት።