አዳር የሌለው መንገድ

«የተማረ ነው» መባል ጣጣ አለው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነሳና ሲገባ እያዩ ነው የኖሩት። ልጃቸው ሸምሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ጓንዡ ሊሄድ ሲነሳ እኔን አስጠሩኝ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ወደ ስምንት ሺህ።»

«የት የት ያድራል?»

«አያድርም፣ እትዬ። ሌሊቱን በርሮ በማግስቱ ይገባል። ቢፈጅ አሥር ሰዓት ነው።»

ሳቁብኝ። «ሞያሌ የሚሄደው እንኳ ዲላ ያድራል! ደግሞስ በሌሊት መንዳት ክልክል አይደል እንዴ?»

ሰማይ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እንደሌለ፣ አብራሪዎቹም እየተፈራረቁ እንደሚያርፉ ብነግራቸው ባሰባቸው። «ተኝተው ነው የሚነዱት?»

ለስንቅ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተዋል። ሸምሱ በዓይኑ ሲለማመጠኝ ጊዜ፣ ስንት ተሟግቼ ግማሹን አስቀነስኩለት።

«እንግዲያው አንተ ውሰደው» አሉኝ።

በሄደ በማግስቱ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ድርሻዬን እየቆረጠምኩ ሳለ ሸምሱ ደወለ። እትዬ ዘይነባ ያለውን ሁሉ ጮክ ብለው ይደግሙታል። አየሩ ከፍቶ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ የማያውቀው ከተማ አርፏል። ተሳፋሪው አዳራሽ ወለል ላይ አድሯል። ዳቦ ቆሎውም ለሰው ሁሉ ታድሎ ገና በጊዜ አልቋል።

ስልኩን ዘጉና የሚንቀሳቀሰውን ጉንጬን አዩት።

«አዳሩን የደበቅከኝ ስንቁን ልትበላ ኖሯል?»