ወደ ግራ የሚሰጠው አጥቂ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ስልሳ ሦስት ነው ትላለች፤ እሷ ስወለድ አልነበረችም፣ ስለዚህ በእኔ ቁጥር እንሂድ። በዚያ ዓመት ነው የአውስትራሊያ ኳስ አጥቂ የሆንኩት። ያውም ተከፍሎኝ። የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው። ቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ የሆነውን እንጂ ያልሆነውን የምጽፍበት ፊደል የለኝም።

ሥራዬ ጫኝና አውራጅ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ ጅቡቲ ቀረሁ፤ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ፣ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ። ዕቃው ከወደብ ወደ ድርጅታችን የመጋዘን ግቢ ይመጣል፣ ከግቢያችን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚወጡት ከባድ መኪናዎች ይጫናል። ጆንያ በትከሻ ነው። ካርቶን ግን በውርወራ ነው። አንዱ ከታች ይወረውራል፤ መኪናው ላይ የቆመው ይቀልባል፤ ቀልቦም ወደ ግራው ዞሮ ለደርዳሪው ይሰጣል። ወርዋሪ፣ ቀላቢ፣ ደርዳሪ። ቀላቢው እኔ ነበርኩ።

ቀላቢ ወደ ግራ አያይም። ካየ የሚቀጥለው ካርቶን ፊቱ ላይ ያርፋል። ዓይኑ ወርዋሪው ላይ ነው፤ ግራው ላይ ደርዳሪ እንዳለ ያውቃል፣ ይሰጣል፣ ይመለሳል። እኔ ይህን ስሠራ ልጆቼ አድገው ወልደዋል።

ታዲያ አንድ ቀን የማርማላታ ካርቶን ወደቀ። የብርጭቆ ዕቃ ነው፣ ደቀቀ። ግቢው ውስጥ ያለ ዝንብ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። ካቦአችን፣ ማለት የኛ የሠራተኞቹ አለቃ፣ እዚሁ ሰፈራችን ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ ነው፤ አባቱ የባቡር ሰው ነበሩ። መጣና መጀመሪያ ማርማላታውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ አልደከመዎትም?"

"የደከመው ወርዋሪው ነው። አጎንብሶ ነው የወረወረው።"

"በሩ ጋ ሸራና ገመድ የሚጠብቅ ሰው እፈልጋለሁ። ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ደመወዙም ያው ነው።"

"ጥላውን ለፍየል ስጥ።"

ሳቀ። ግን ወንበሩን አሳጥቦ በሩ ጋ አስቀመጠው። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ያንን ወንበር አውቀዋለሁ። ከኔ በፊት እዚያ የተቀመጠው ሽማግሌ ጉልበተኛ ነበር። ከተቀመጠ በኋላ ግን ምሳ ሲደርስ እንኳ "ና" የሚለው ጠፋ። ሰው ይጠላው ስለነበር አይደለም። ወንበር ላይ ያለ ሰው ዕቃ ይመስላል፣ ይረሳል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ትቀመጣለህ ተባልኩ። እኔ ደግሞ አልቀመጥም ብያለሁ።

ኳሱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሄሮን በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ አውስትራሊያዊ ነበር፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚጠግን፣ ፀሐይ አንገቱን እንደ በርበሬ ያቀላችው። እኛ ሚስተሩ እንለዋለን። የአገሩ ኳስ ናፈቀው። ጭነት የሚጠብቁትን ሹፌሮች ሲያይ፣ እኛንም ሲያይ፣ ጉልበት ያለው ሥራ ፈት ሁሉ እዚህ ነው ያለው ብሎ አሰበ መሰለኝ። አንድ ዓርብ ጠዋት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ የውኃ ቧንቧ አስቁሞ ጠበቀን። በየጎሉ አራት ቧንቧ፤ መሀል ሁለት ረጃጅም፣ ዳርና ዳር ሁለት አጫጭር። ኳሱ ክብ አይደለም፤ ፓፓያ ነው። መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም።

ሚስተሩ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ያስረዳል፣ ካቦአችን ያስተረጉማል። ኳሷን ረጃጅሞቹ መሀል በእግር ካሳለፍክ ስድስት። ስተህ በረጅሙና በአጭሩ መሀል ካለፈች ደግሞ አንድ። ለሳተ ሰው አንድ የሚሰጥ አገር አየሁ! በእግር የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ በእጅህ ከቀለብክ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉ ይቆማል፣ ማንም ሳይነካህ ትመታለህ። ጫኞች ባንድ ወገን፣ ሹፌሮች ባንድ ወገን።

እኔ የሄድኩት ለማየት ነበር። ዳር ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። ኳሷ ከሰማይ ወደኔ መጣች። ብርጭቆዬን ግራዬ ለቆመው ሰው ሰጠሁና ቀለብኳት። ያን ያህል ነገር አልነበረም፤ ከሳሙና ካርቶን ትቀላለች። ሚስተሩ ግን እየጮኸ መጥቶ እጄን አገላብጦ አየ፣ ጎትቶም ጎሉ ፊት አቆመኝ። ካቦው፣ "አጥቂ ነዎት ይላል" አለኝ።

"ኳስ መትቼ አላውቅም በለው።"

"ግድ የለም ይላል።"

ክፍያው እንዲህ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሚስተሩ የየመኖቹ ምግብ ቤት ወስዶ ዓሣ ያበላናል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ፣ ከጋሻ ከሚያህል ቂጣ ጋር። የተጫወተ ይበላል፣ ያየ አይበላም። ሰው ለተጫወተበት ከተከፈለው ባለሙያ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ በቁምጣ ልትሮጥ?"

"አጥቂ ብዙ አይሮጥም። ቆሞ ይጠብቃል።"

"ቆመህ ለመጠበቅማ እኔ ጋ ብዙ ዕቃ አለ።"

ይህን እያለች የሥራ ሱሪዬን ከጉልበቱ ቆርጣ ሰፋችልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ኳሷ መጣች፣ ቀለብኩ፣ ፊሽካ ተነፋ። እኔም ወደ ግራ ዞሬ ሰጠሁ። ግራዬ የቆመው ከግቢያችን የሚጭን ረጅም፣ ቀጭን ሹፌር ነበር። የነሱ ወገን።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!" ብሎ ይዟት ሮጠ።

በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአፋርኛም ተሰደብኩ። ሁለተኛ መጣች፣ ቀለብኩ፣ ወደ ግራ ዞሬ ሰጠሁ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!" ሹፌሩ ከዚያ ወዲያ ኳስ መከተል ተወ። የሱ ጨዋታ ግራዬ መቆም ብቻ ሆነ።

"ምን ታደርጋለህ እዚህ?" አልኩት።

"ደርዳሪዎ ነኝ።"

ሚስተሩ ወደ ግራ መስጠት እንደሌለብኝ እንዳልረሳ ብሎ ግራ ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረልኝ። ጨርቁ በታሰረበት ክንዴ ሰጠሁት። እንዲህ እያልን የብርዱ ወራት አለፈ። አጥቂ ሆኜ አንድም ነጥብ አላገባሁም፤ ግን አንድ ዓርብ እንኳ ከዓሣዬ አልቀረሁም፣ ቦታዬንም አለቀቅሁም። አልለቅም ስል ሚስተሩም አስወጣለሁ አላለም፤ የምትቀለብ ኳስ ማየት ይወድ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ካቦው ወንበሩን እንደገና አሳጠበ። እኔም ጫኙ ሁሉ ባለበት ጠራሁት።

"ስማ፣ የፊታችን ዓርብ ናና እጄን እይ። ኳስ ከእጄ ከወደቀ ቃል ሳልተነፍስ እቀመጣለሁ። ካልወደቀ ያንን ወንበር አቃጥለው።"

"ወንበሩ የድርጅቱ ነው ጋሼ፣ አላቃጥልም። በሌላው ግን ተስማምቻለሁ። ለማን እንደሚሰጡ ይቆጠራል?"

"እጅ ብቻ!"

ያ ዓርብ ሚስተሩ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የመጨረሻው ነበር። ውርርዱን ከተማው ሁሉ የሰማው መሰለኝ፤ ሹፌሮቹ ረዳቶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ከባሕሩ ነፋስ ነበር፣ ኳሷ አየር ላይ እንደ ሰከረ ትወላገዳለች። ወደኔ በመጣች ቁጥር ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ፣ "ማርማላታ! ማርማላታ!" ይላሉ። ቀለብኩ። "ማርማላታ!" ቀለብኩ። አንዷ ከጣቴ አምልጣ ሆዴ ላይ ተንከባለለች፣ በአገጬ ያዝኳት። ካቦው መሬት ላይ ተኝቶ አየ።

"አልነካችም!" አለ አቧራውን እያራገፈ።

ወደ ግራ መስጠቴንም አላቆምኩም፣ አልዋሽም። የኛ ወገን ግን ዘዴ አበጀ። ከሹፌሩ ኋላ ሁለት ጉልበተኛ ጫኝ አቆሙና በተቀበለ ቁጥር ይጥሉታል። እሱም እየወደቀ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለቱን አልተወም።

ፀሐዩ ከረረ፣ ጫት የሚገባበት ሰዓት ደረሰ፤ ጅቡቲ ውስጥ ከዚያ ሰዓት በኋላ የሚጫወት የለም። ሹፌሮቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ። ሚስተሩ ሰዓቱን እያየ ሳለ ከኛ ልጆች አንዱ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ መታት። እኔ ጎሉ ፊት ነበርኩ። ዓይኔ ውስጥ ፀሐይ አለ፣ ኳሷን ሳይሆን ጥላዋን ነው ያየሁት። እጄ ግን አየቻት። ጧ! ብላ ደረቴ ላይ አረፈች።

ፊሽካ። ሁሉ ቆመ። ውርርዱን በልቻለሁ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ሹፌሩ ግራዬ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

"ይስጡኝ ጋሼ፣ እንደለመድነው።"

ወገቤ ራሱ መዞር ጀመረ። ያኔ ካቦው፣ የውርርዱ ዳኛ መሆኑን ረስቶ፣

"ወደ ግራ አይዙሩ! እግርዎን! እግር የለዎትም እንዴ!" ብሎ ጮኸ።

እግርማ አለኝ። ቀላቢ ግን እግሩን ተክሎ ነው የሚሠራው፤ ለመምታት አንስቼው አላውቅም። አነሳሁት። መጀመሪያ መሬቱን መታሁ፣ ቀጥሎ ኳሷን። ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሄደ፤ በረጃጅሞቹ ቧንቧዎች መሀል፣ ቀጥ ብሎ፣ ለማየት ደስ እያለ አለፈ። ኳሷ ወደ ጎን ሸሽታ በረጅሙና በአጭሩ መሀል ሾለከች። አንድ ነጥብ። እኩል ለእኩል።

"ለጫማው ስድስት!" አሉ የኛዎቹ።

"ጫማ አይቆጠርም!" አሉ ሹፌሮቹ።

"የት ተጽፏል?"

ሚስተሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ አንድ ጣቱን አነሳ። ክርክሩ ግን ዓሣ ቤት ድረስ ተከተለን፤ ዓሣ ጠባሹ የመናዊ ሳይቀር ለጫማው ፈረደ።

ከበላን በኋላ ካቦው እጁን እየታጠበ መጣ። መዳፌን ገልብጦ አየ።

"እጅዎ ደህና ነው። ነገ ቦታዎ ላይ ነዎት።"

"ነገርኩህ እኮ።"

ያላየው እግሬን ነበር። አውራ ጣቴ እንደ ሽንኩርት አብጧል። ማታ ባለቤቴ በጨው ውኃ እያጠበችኝ፣ "ነገ አትሄድም" አለች።

"እሄዳለሁ።"

"በምንህ ቆመህ?"

"እቆማለሁ መች አልኩ?"

በማግስቱ ጠዋት በዱላ እያነከስኩ ግቢ ደረስኩ። ካቦው እግሬን አየ፣ ቀጥሎ ወንበሩን አየ፣ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀድሜው ወደ በሩ ሄድኩ። ልጆቹ ሥራ አቁመው አዩኝ። ሊቀመጥ ነው ብለው ነው። ወንበሩን በመደገፊያው ይዤ በአሸዋው ላይ እየጎተትኩ መኪናው ሥር አደረስኩት።

"ይህን ወደ ላይ አውጡልኝ" አልኩ።

መጀመሪያ ወንበሩን አወጡት፣ ከዚያ እኔን፣ እንደ ጭነት፣ ሁለቱ ከታች እየገፉ አንዱ ከላይ እየሳበ። ሽቦ የታሰረውን እግር ወደ ኋላ አድርጌ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያበጠውን እግሬን ጆንያ ላይ ሰቀልኩ። መኪናው የዚያ ረጅም ሹፌር ነበር። ተንጠልጥሎ ወጥቶ ግራዬ ላይ ቆመ።

"ወርውር!" አልኩ።

የሳሙና ካርቶን መጣ። ቀለብኩት፣ ሳላይ ወደ ግራ ዞሬ ሰጠሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለኝና ደረደረው።