የተሸናፊዋ ሹራብ

ሳጥኑን ስከፍተው ሽታው ቀደመኝ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ባለቤቴ ብል እንዳይበላው ብሎ በቀዩ ሹራቤ እጥፋት ውስጥ የጨመረው ነው። ቅጠሉ ደርቋል፤ ሽታው ግን አልሄደም።

ተማሪ ሳለሁ ከወላጆቼ ጋር አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነበር የምኖረው። የምማረውም እዚያው አጠገብ፣ ኮረብታው ሥር ባለው ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእኛ ቀለም ሰማያዊ፣ ከባሕሩ ማዶ ያለው የጎረቤታችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቀይ ነው። ሁለቱ በየዓመቱ በአሜሪካን ፉትቦል መፎካከር የጀመሩት አያቶቻችን ሳይወለዱ ነው ይባላል። እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! ብርድ ስለነበር ያለኝን አንድ ወፍራም ሹራብ ለብሼ ወደ ጨዋታው ሄድኩ። ቀይ ነበር። ሄጄም በሰማያዊው ሕዝብ መሐል ተቀመጥኩ።

ከኋላዬ ይጮሁብኛል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል፤ የከሰዓት ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታለች። ቀይ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሐበሻ ከማዶ ወንበሮች ዞሮ መጣ።

«እህቴ፣ ጠፋብሽ እንዴ? የእኛ ሰዎች እኮ በዚያ ናቸው።»

«እኔ የዚሁ ነኝ። ሹራቡ ነው የናንተ።»

ሳቀ። አጠገቤ ተቀመጠና ጨዋታው እስኪያልቅ አብረን ተሰደብን።

ከተጋባን በኋላ ሕግ አወጣን፤ ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው በማግስቱ እሑድ የሌላውን ቀለም ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በር ላይ ምእመኑን የሚቀበሉት እማማ «ዘንድሮስ ማንኛችሁ ተዋረዳችሁ?» ይሉን ነበር። ባለቤቴ ሰማያዊ ክራባት አስሮ፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ አሁንም ይታየኛል።

ዘንድሮ ጨዋታውን ብቻዬን አየሁት። ቀዮቹ አሸነፉ።

ጥቁር ከለበስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሹራቡን ሳጠልቅ ልጄ አየችኝ።

«ማሚ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» አለችኝ፤ ግድ የለብሽም ማለቷ ነው።

«ተሸንፌያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

በቀዩ ብቻ ግን ደፍሬ አልወጣሁም። ሐዘንተኛ ቀይ ለበሰች እንዳልባል ጥቁሩን ካፖርት ደርቤ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

እማማ በሩ ላይ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። የጨዋታውን ነገር ግን አላነሱም።

«ዘንድሮ አይጠይቁኝም?» አልኳቸው።

የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን። ቀዩ ብቅ ሲል የባሕር ዛፉ ሽታ አብሮት ወጣ።

«አሸነፈሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አሸነፈኝ፣ እማማ።»