ከነጠላዬ ሥር ያለው ማዳመጫ

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ማርገዟን ከባሏና ከሐኪሟ ቀጥሎ ለእኔ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶባታል። በሁለቱም ጊዜ ወሬው ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ኀዘኗን እንኳ ብቻዋን ማዘን አልቻለችም። የባሏ ዘመዶች እየመጡ አጽናኗት፤ ከበር ሲወጡ ደግሞ «ማኪና ላይ እየተንገላታች እንዴት ይቆይላት» ሲሉ ሰማች። ስለዚህ ሦስተኛውን ሆዷ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለመደበቅ ቆረጠች።

«እትየ፣ አማቴ ከሰማች ሥራሽን ተይ ትለኛለች» አለችኝ። «እሱ ደግሞ እናቱን እምቢ አይልም። ቤት ተቀምጨ ግድግዳ ሳይ ብውል አብዳለሁ። አንች ጸልዪልኝ እንጅ ለሰው እንዳታነሽብኝ።»

«ጠዋት ጠዋት በክርስትና ስምሽ አነሳሻለሁ፤ እስክትወልጅ ድረስ» አልኳት።

የክርስትና ስሟን መሥሪያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ስም ሳነሳት ምስጢሯ የተጠበቀ መስሎኝ ነበር።

ሁለታችንም የምንኖረው ጎንደር፣ የምንሠራው ማክሰኝት ነው። ስማርት ስልክ በየሰው እጅ የገባባቸው ዓመታት ናቸው። ጠዋት ከቤት የምወጣው ሦስት ልጆች አብልቼ፣ አልብሼ፣ ተቆጥቼ ነው። ቤት ውስጥ ለጸሎት የሚሆን ጊዜ አላገኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ከአዘዞ ጠዳ፣ ከጠዳ ማክሰኝት እስክንደርስ የሚጠራኝ የለም። ነጠላዬን ተሸፋፍኜ ውዳሴ ማርያሜን በቃሌ፣ በለሆሳስ እደግማለሁ። ለብዙ ዓመት የጸሎት ቤቴ እሱ ነበር። ለሰጠኝ ጌታ ምስጋና ይግባው።

በዚያ ዓመት የምንሳፈርበት ሚኒባስ ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ባፍል አስገባ። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይመጣም፤ በወንበሩ በኩል አጥንት ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ ለሰው የሚያዝን ሰው ስለሆነ ለመንኩት።

«እትየ፣ ዘፈኑ ከቆመ እኔ አንቀላፋለሁ» አለኝ። «እየጨፈሩ ማክሰኝት መድረስ ይሻላል ወይስ በጸጥታ ገደል መግባት?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ውዳሴዬን እጀምራለሁ፤ ዘፈኑ ይነጥቀኛል፤ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ማክሰኝት ስንወርድ ልጅቱ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ዛሬም አነሳሽኝ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አላነሳኋትም ነበር። ያን ቀን መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳወጣ ሳስገባ ስውል፣ እሷ ብቅ ባለች ቁጥር አንገቴን ደፋሁ።

ማታ ስለ ባፍሉ ለትልቋ ልጄ ነገርኳት።

«እማየ፣ ድምፅ የሚያጠፋ ማዳመጫ አለ'ኮ» ብላ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ጆሯቸው ላይ አድርገውት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። ዋጋውን ሳይ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ርካሽም ይኖራል። ፒያሳ ጠይቂ» አለች። «ግን ድምፅ ያጠፋል ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ እንዳታምኝ።»

ለፋሲካ ለእሷ ጫማ ልገዛ ያስቀመጥኳት ብር ነበረች። «ጫማው ይቆያል» ያለችኝ ራሷ ናት። ልጅ እንዲህ ሲል ከሚያስደስተው ይልቅ ያሳፍራል።

ፒያሳ ስደርስ መብራት ጠፍቶ በየሱቁ ደጅ ጀነሬተር ያጓራል። ባለሱቁን አውቀዋለሁ፤ አባቱ በዚያው ሱቅ ጨርቅ ሲሸጡ እናቴ ደንበኛቸው ነበረች።

«ለምን ፈለግሽው እትየ?»

«ለጸሎት። ሚኒባስ ውስጥ ጆሮዬን ነሱኝ።»

«እሱማ ሸጋ ነው። እኔም ባሕር ዳር ስመላለስ ቁርኣን እሰማበታለሁ» አለና ሦስት ዓይነት አወጣልኝ።

አንደኛው ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ትንሽ ነገር ነው። ከሁሉም ይረክሳል፤ ነጠላ ሲደረብበትም አይታይም። ሰካሁት። ጆሮዬን እንደ ጥጥ ደፈነው እንጅ የጀነሬተሩ ጉምጉምታ እንዳለ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም አመመኝ። ሁለተኛው በሚያብረቀርቅ ካርቶን የመጣ፣ የታወቀ ስም የተለጠፈበት ትልቅ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«እሱን ተይው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድምፅ ያጠፋል ይላል፤ የሚያጠፋው ብርሽን ነው። ለሚለምኑኝ ነው የማስቀምጠው። እስቲ ቁልፉን ተጫኝው።»

ተጫንኩት። ምንም አልተለወጠም።

ሦስተኛው ካርቶን የለውም። የሠራውን ማንም አያውቀውም፤ ጥቁር ነው፤ ጎማ ጎማ ይሸታል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ ይከድናል፤ ቻርጅም ይደረጋል። «ይሄ የሚፈተነው ዘፈን ሳይከፈት ነው» ብሎ ደጅ አወጣኝና ጀነሬተሩ አጠገብ አቆመኝ። ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁት ቁልፏን ገፋ አደረጋት። ጉምጉምታው የሆነ ሰው በእጁ እንዳነሳው ከጆሮዬ ወጣ። የሰው ድምፅ ብቻ ከሩቅ፣ ቀጥኖ ቀረ።

«ይሄ ነው የምፈልገው» አልኩት።

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለሱቁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አውልቄ ስሰማው እየሳቀ ነው።

«አልደነቆርኩም እትየ። ይሄን ያደረገ ሁሉ ይጮኽብኛል። የራስን ድምፅም አያሰማም።»

አብሬው ሳቅሁ። ከፍዬ ሄድኩ። ነገሩን ግን ከዚያች ደጃፍ ካለፍኩ በኋላ አላሰብኩበትም።

ልጄ ቃል የሌለው የበገና ድምፅ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሲነጋ ማዳመጫውን አደረግሁ፤ ከላይ ነጠላዬን አጣፋሁ። ለሚያየኝ ብርድ የፈራች ሴት ነኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ያችው ባልደረባዬ ብቻ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየችና «ፓይለት መሰልሽ'ኮ» አለችኝ። ባፍሉ ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔ ጆሮ ውስጥ ግን በገና ብቻ ነው። ውዳሴዬን ሳልሳሳት ጨረስኩ። እሷንም አነሳኋት። ስንወርድ ሳትጠይቀኝ «ዛሬ አንስቼሻለሁ» አልኳት። እውነት ስለነበር ቀለለኝ።

እንዲህ እያልን ከረምን። ፅንሱ ከቀደሙት ሁለቱ በላይ ቆየላት። ሰፊ ቀሚስ መልበስ ጀመረች። በመንገድ ላይ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ ታስቀምጥና ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ያመነኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ለክትትል ጎንደር ቀረች። ከዚያ በፊት ሁለቱም ጊዜ ክፉውን የሰማችው በክትትል ቀን ነው። ስለዚህ ብቻዬን ስሳፈር ፈርቼ ነበር። አጠገቤ የማላውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት ተቀመጡ፤ የእህል ነጋዴ መሆናቸውን ከጆንያቸው አየሁ። ሰላም አልኳቸውና ተሸፋፈንኩ።

አዘዞን ካለፍን በኋላ ዝምታው ከወትሮው ጠለቀ። ባፍሉ ወንበሩ ላይ እንኳ አልተሰማኝም። ስለ ማዳመጫው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ልቤ ተከፈተ። ውዳሴዬን ጨርሼ በራሴ ቃል መለመን ጀመርኩ። በክርስትና ስሟ ጠራኋት። ሁለቱን ወስደሃል፣ ይህን ሦስተኛውን ተውላት አልኩ። አማቷ ሳይሰሙ፣ ከሥራዋ ሳያስቀሯት ሆዷ ይግፋ አልኩ። ዕንባዬ መጣ። እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

ጠዳ ስንደርስ ጉልበቴ ላይ እጅ አረፈ። ዓይኔን ገለጥኩ። የሴትዮዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ነጠላዬን ገፍፌ ማዳመጫውን አወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን የለም።

«አሜን» አሉኝ። «ይስማሽ የኔ ልጅ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ስልክ ላነሳ ዘፈኑን ባጠፋው ድምፅሽ መኪናውን ሞላው እትየ። ጸሎት ላይ ዘፈን መክፈት ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ከአዘዞ ጀምሮ አሜን ስንል ነው የመጣን።»

«እኛ ኋላ ያለነው ሬዲዮ መስሎን ነበር» አለ አንድ ሰው። ተሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሴትዮዋ እጃቸውን ከጉልበቴ አላነሱም።

«አማቷ ሳይሰሙ ያልሽው ግን ምነው? እህቴ አውሬ ናት?»

«እህትዎ?»

«የእህቴ ልጅ ሚስት አይደለች? በቁርባን ሲጋቡ ቄሱ ስሟን ሲጠሩ እዚያው ቆሜ ነበር። መቼ ጠፍቶኝ።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ደስ ብሏቸዋል። «እኛ ተስፋ ቆርጠን፣ ለካ እሷ ይዛለች።»

«እማማ፣ በእመቤታችን ይሁንብዎ፣ ለማንም አይንገሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ?» አሉ። «ለእህቴ ነው እንጅ።»

ማክሰኝት እንደወረድን ቢሮ ሳልገባ ለልጅቱ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት።

«ሰው ሞልቶ ነበር?» አለች።

«ሞልቶ ነበር።»

«እሽ» አለች። ቀጥላም «ልጁ ደኅና ነው ብለውኛል» አለችና ዘጋችው።

አማቷ በማግስቱ ከማክሰኝት ጎንደር ሄዱ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ቅቤና ማር ተሸክመው ነው የሄዱት። በዚያው ሳምንት ልጅቱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ማክሰኝት አማቷ ቤት ገባች። ባሏ እናቱን እምቢ አላለም። የፈቃድ ማመልከቻዋን ፋይሏ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ፈገግ አሉ መጀመሪያ፤ ከዚያ ተዉት።

«ጸሎቱ ኃጢአት የለበትም» አሉኝ። «ግን ጌታ ጓዳሽ ገብተሽ በርሽን ዝጊ አለ እንጅ ጆሮሽን ዝጊ አላለም። አንች በሩን ከፍተሽ ጆሮሽን ዘጋሽ።»

ስግደት አዘዙኝ፤ ሂደሽም ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ስግደቱ ቀለለኝ።

በምሳ ሰዓት አማቷ ቤት ሄድኩ። ልጅቱ መደብ ላይ ትራስ ተደግፋ ተጋድማለች። አማቷ በደስታ ተቀበሉኝ፤ «ያንች ጸሎት ነው የነገረን» እያሉ ወንበር ጠረጉልኝ። ለገንፎ ውኃ ሊጥዱ ሲወጡ ከወንበሩ ወርጄ ጉልበቷ ሥር ተደፋሁ።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ወዲያው። «ተነሽ እትየ፣ ያዩሻል።»

ተነሣሁ። ሆዷ ከሰፊው ቀሚስ አልፎ ይታያል። እጄን አልያዘችም።

«ይንቀሳቀሳል?»

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሌሊቱስ? እንቅልፍ?»

«ደኅና ነኝ።»

ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ገንፎው ሲመጣ በላን። አማቷ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ።

ማዳመጫውን ዩኒቨርሲቲ ለምትሄደው ትልቋ ልጄ ሰጠኋት። የዶርሙን ጫጫታ ችሎላታል፤ ደስ አላት። እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ከባፍሉ ጋር እየታገልኩ፣ አፌን ሳላንቀሳቅስ በልቤ መጸለይ ለመድኩ። ይጠፋኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

ልጅቱ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና። እንደዚያ ቀን ፈጣሪዬን አመስግኜ አላውቅም፤ የሆነውን ሁሉ እያወቀ ይቅር ያለኝ መሰለኝ። ማርያም ማረችሽ ልላት ስሄድ ሕፃኗን አንስታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከባድ ነበረች፤ ወተት ወተት ትሸታለች። አማቷ ከጓዳ ሆነው «ሥራውን ትታ ባታርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይገኛል» አሉ። ልጅቱ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ ይሁን ድካም አልለየሁትም። ሕፃኗን መለስኩላት።

ከክርስትናው በኋላ፣ ለድግሱ የመጣው ሰው ሲቀልል፣ ጠጋ ብዬ «ስሟ ማን ተባለ? ጠዋት ጠዋት ላነሳት ነው» አልኳት።

ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለቻት። ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ክፋት አልነበረበትም።

«የማክሰኝቷን ልጅ በይው እትየ። እግዚአብሔር ያውቃታል።»

እንዲያ እያልኩ አነሳታለሁ።

ልጅቱ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንደ ድሮው ከጎንደር ትመላለሳለች፤ ሕፃኗን ሠራተኛ ትይዝላታለች። ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ ስለ ሚኒባስ ወረፋ እናወራለን። ሚኒባሱ ውስጥ ግን የምትቀመጠው ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ነው።

ሁለተኛ ልጅ ማርገዟን የሰማሁት ከመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነው። «አላየሻትም እንዴ? ሆዷ እኮ ገፍቷል» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቢሮው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።