ከቀብር በኋላ ቤቴ የመጡት ተማሪዎቼ

ባለቤቴ ገብረትንሣኤ እንደኔው አስተማሪ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሲያርፍብኝ፣ እኔ ቦሌ አካባቢ ጠዋት ልጆችን፣ ከሰዓት ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው እናቶችን አስተምር ነበር። ከቀብሩ በኋላ አቅም አጣሁ፤ ሥራዬንም ልተወው ቆረጥኩ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እናቶቹ ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ሊያስተዛዝኑኝ መስሎኝ ነበር፤ ቡልቡላ ላም የሚያረቡት እማማ ሶሬቲ ግን ከነጠላቸው ሥር የፊደል መጽሐፋቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ አንቺ መምጣት ካቃተሽ እኛ እንመጣለን» አሉኝ።

«እማማ፣ እዚህ ሰሌዳ እንኳ የለኝም።»

«በር የለሽም? ነፍሱን ይማረውና የባለቤትሽን ስም ጻፊልን።»

ሴት ልጄ አለም ጠመኔ አቀበለችኝና ስሙን በትልልቁ በሩ ላይ ጻፍኩት። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ፊደል በፊደል አነበቡት። ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ «ሟቹ» ይለው ስለነበር፣ ስሙን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። እማማ ሶሬቲ መሐል ላይ ተደናቀፉና፣ «ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ስም በየቀኑ እንዴት ትጠሪው ነበር?» አሉ።

«ገብሬ ነበር የምለው» አልኳቸው፤ ሁላችንም ሳቅን።

በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ገባሁ። ጡረታ እስክወጣም ድረስ ደስ እያለኝ አስተማርኩ።