ለድመት የተሸከምኩት ድንጋይ

ነገሩ የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ወረታ ውስጥ ነው። ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የርብ ወንዝ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ የጎደለበት፣ ድርቆሹም ከወትሮው ያማረበት ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ ስለማላውቅ ነው። ልጆቼ ባወራሁላቸው ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይቀራል።

ያን ጊዜ የግራዝማች ተድላ ባልደራስ ነበርኩ። ባልደራስ ሲባል ትልቅ ሹመት ይመስላል። ሥራው ፋንድያ መጥረግ፣ ድርቆሽ ማቅረብ፣ አንድ ፈረስና ሁለት በቅሎ ውሃ ማጠጣት ነው። ቢሆንም እኔንና ባሏ የሞተባትን እናቴን ያኖረን ያ ሥራ ነበር። መሬት አልነበረንም። ግራዝማች በመኸር የሚሰፍሩልኝን ቀለብ እናቴ ጎተራ ውስጥ አስቀምጣ ዓመቱን በእሱ እንገፋለን።

ፈረሱ ዳማ ነበር፤ ግራዝማች በጥምቀት ለጉግስ የሚወጡበት። በዚያ በፊተኛው ጥምቀት ግን በታቦቱ ፊት፣ በሴቱ ፊት፣ በባላንጣዎቻቸው ፊት ከኮርቻቸው ወረዱ። ወረዱ ያልኩት ለአክብሮት ነው። ምክንያቱን ወረታ በሙሉ ያውቀዋል፤ ጠጁን ከጠዋት ጀምረውት ነበር። ደፍሮ የሚናገር ግን አልተገኘም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ምክንያት ሲፈለግ ከረመ።

ምክንያቱን ያገኙት ደብተራ ይርሳው ናቸው። ክታብ ይጽፋሉ፣ መድኃኒት ይቀምማሉ፣ ግራዝማች ያለ እሳቸው ምክር አይንቀሳቀሱም። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ፈረሱን ሊያዩ ጋጣ ሲገቡ አንዲት ድመት በደብተራው እግር መካከል አለፈች።

"አገኘሁት!" አሉ ደብተራ ይርሳው። "ግራዝማች፣ እርስዎን የጣለዎ ፈረሱ አይዶለም። ድመት ናት። ድመት የፈረስ ልብ ትሰልባለች።"

የግራዝማች ፊት በራ። ድመት መልስ አትሰጥም፤ ዘመድ የላትም፤ ዳኛ ፊት አትከራከርም። ከዚህ የተሻለ ጥፋተኛ ከየት ይገኛል?

"ከዓርብ ወዲያ አንዲት ድመት እዚህ ባይ" አሉኝ ግራዝማች፣ "አንተም ጓዝህን ጠቅልለህ ከሷ ጋር ትወጣለህ።"

ድመቶቹ አምስት ነበሩ። ማንም አላመጣቸውም፤ ማንም አይመግባቸውም። ድርቆሹ ውስጥ እየወለዱ፣ አይጥ እየበሉ የሚኖሩ ባለቤት የሌላቸው ናቸው። ከሁሉም የከፋችው አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ ጭራዋ የተቆለመመ አመድማ ድመት ነበረች። ሰው ሲጠጋት ጥርሷን ታሳያለች። ብርድ ሲበረታ ግን ዳማው ጀርባ ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ እሱም እንዳትወድቅበት ብሎ ይመስል ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ይህን በየቀኑ አየው ነበር፤ ቁም ነገር አላልኩትም።

በእኛ አገር ድመት አይገደልም። የገደለ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል ይባላል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በጆንያ ከተህ ውሃ ታሻግራታለህ። ውሃ ያልተሻገረች ድመት ካንተ ቀድማ ቤትህ ትገባለች። ለወረታ ሰው ውሃ ማለት ርብ ነው፤ ከርብ ማዶ ደግሞ ይፋግ አለ።

ከጣና የመጣ ደረቅ ዓሣ ጆንያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ሁለት ቀን አድብቼ አምስቱንም ያዝኩ። ክንዴ እንደታረሰ ማሳ ሆነ። በይፋግ የገበያ ቀን ጆንያዬን ተሸክሜ በጠዋት ተነሣሁ።

የርብ ድልድይ ላይ ስደርስ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከይፋግ በኩል ጆንያ ተሸክመው መጡ። ጆንያቸው ይንፈራገጣል። የኔም ይንፈራገጣል። የአገራችን ሰላምታ ረጅም ነውና ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ተጠያየቅን።

"ምን ይዘሃል ልጄ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ዶሮ ነው አባቴ። እርስዎስ?"

"እኔም ዶሮ ነው።"

ወዲያው አንዱ ዶሮ "ሚያው" አለ። የማናችን ዶሮ እንደሆነ አላውቅም። ሁለታችንም ወንዙን ማየት ጀመርን።

"በል ደና ግባ" አሉኝ።

"ደና ይግቡ" አልኳቸው።

እኔ የሳቸውን አገር በድመት፣ እሳቸው የኔን አገር በድመት ባርከን ተለያየን። የኔዎቹን ይፋግ ገበያ ዳር ለቅቄ ማታ ስመለስ ወረታ ገበያ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ድመቶች ተቀምጠው ነበር። ደግነቱ ወደ ጋጣው አልመጡም።

ግራዝማች ጋጣውን ዞረው አይተው ረኩ። ዳማው ግን በማግስቱ ድርቆሹን አሸተተና ተወው። ገብስ አቀረብኩለት፤ እሱንም ተወው። በአራተኛው ቀን ጎኑ ገብቶ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶ ነበር።

"የተሰለበው ልቡ እየተመለሰ ነው፤ ሲመለስ እንዲህ ያደርጋል" አሉ ደብተራ ይርሳው።

ግራዝማች ለደብተራው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ "ይህ ፈረስ ለጥምቀት ካልቆመ ቀለብህን ከሌላ ቤት ፈልግ" አሉኝ። ልብ በሉ፤ ፈረሱ ከዳነ ምስጋናው የደብተራው ነው፤ ከሞተ ጥፋቱ የኔ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ነገር አየሁ። ዳማው ሌላ ምንም አያሸትም፤ ያቺ ጆሮ ቆራጣ ትተኛበት የነበረውን የግርግሙን ጥግ ብቻ ያሸታል። ካሸተተ በኋላ ወደ በሩ ያያል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ገባኝና ደነገጥኩ። ይህ ለማን ይነገራል? "ጌታዬ፣ ፈረስዎ ድመት ናፍቆት ነው" ብል የምባረረው ጥምቀትን ሳልጠብቅ ነው።

አክስቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና እየሮጥኩ ይፋግ ደረስኩ። ድመቶቹን የለቀቅሁበት ቦታ አንዲትም የለች። ጎልማሳ ሰው፣ የግራዝማች ባልደራስ፣ "ውሮ! ውሮ!" እያልኩ ከአጥር አጥር መዞር ጀመርኩ። ሴቶች ብቅ እያሉ ያዩኛል፤ አንዳንዶቹም ያማትባሉ።

"ዶሮህን ነው የምትፈልግ?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

የድልድዩ ሰው ናቸው። አያ ገላው ይባላሉ። ጆሮ ቆራጣዋ ያለችው እሳቸው ቤት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የሺ፣ ባላቸው የቤቱን ድመቶች ወረታ ወስደው መጣላቸውን ሲሰሙ አኩርፈው፣ በእልህ ያገኟትን የመጀመሪያ ድመት ከገበያ አንሥተው አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ አያ ገላው በገዛ ቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አይናገሩም።

እትዬ የሺ ድመቷን በነጠላቸው ጠቅልለው በር ላይ ቆሙ።

"የኔ ናት እትዬ፤ ጠፍታብኝ ነው" አልኳቸው።

"በጆንያ ነው የጠፋችው?" አሉና ወደ ባላቸው ዞር አሉ። አያ ገላው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

ፈረሱን፣ ግራዝማችን፣ እናቴን አንሥቼ ለመንኳቸው። እትዬ የሺ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ የአገራችንን ሥርዓት አመጡብኝ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል። ተበዳዩ "ይቅር ለእግዜር" እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም።

"በድለሃታል" አሉኝ። "ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቃትና ውሰዳት።"

"ለድመት?"

"ለድመት። ድንጋዩ ያውልህ።"

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ድንጋዩን አንሥተው ጫንቃዬ ላይ ያስቀመጡልኝ አያ ገላው ናቸው፤ ቀላሉን እንዳልመረጡልኝ ወዲያው አወቅሁ። አጎነበስኩና "በድዬሻለሁ፣ ማሪኝ" አልኩ። ድመቷ ፊቷን መታጠብ ጀመረች። ከኋላ አንድ ሰው "አልተሰማም!" ብሎ ጮኸ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ድመቷ አዛጋች። እኔ እንደዚያ ጎንብሼ እያላበኝ፣ ተበዳይዋ ምናልባት ካሣ ትፈልግ ይሆናል ብለው የተከራከሩም ነበሩ። በመጨረሻ እትዬ የሺ በእሷ ፈንታ "ይቅር ለእግዜር" አሉና ድንጋዩ ወረደ። ሳቃቸው ርብን እስክሻገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋጣ ደረስኩና ድመቷን ግርግሙ ጥግ ለቀቅኋት። ዳማው አንገቱን ዘርግቶ ከራስዋ እስከ ጭራዋ አሸተታት። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጀርባው ላይ ወጣች። እሱ ጥቂት ቆይቶ ድርቆሹን ያኝክ ጀመር። አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ።

እንባዬን ስጠርግ ነው አንገቱ ላይ አዲስ ክታብ ያየሁት። እኔ ይፋግ ድንጋይ ተሸክሜ ሳለሁ ደብተራ ይርሳው መጥተው አስረውለት ሄደዋል።

በማግስቱ ግራዝማች ፈረሳቸው ሲበላ አዩ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፤ ደብተራው አዲስ ጋቢ ለበሱ። "ድመቶቹ ወጡ፣ ክታቡ ታሰረ፣ ልቡ ተመለሰ" እያሉ ጋጣው መሀል ቆመው ያስረዳሉ። ድመቷ በዚያች ሰዓት ከእግራቸው አንድ ክንድ ርቃ ድርቆሹ ሥር ተኝታለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቀለቤን አሰብኩ። ትእዛዝ ጥሼ መልሼ ማስገባቴን አሰብኩ። የይፋግን ሳቅ አሰብኩ። ዘጋሁት።

በጥምቀት ዳማው አገር ያየው ሩጫ ሮጠ፤ ግራዝማችም አልወደቁም። በዚያ ቀን ጠጁን ከጉግሱ በኋላ አድርገውት ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላነሣውም።

ከዚያ ወረታ በሙሉ ተነሣ። ለግራዝማች የበጀ ለእኛም ይበጃል ተባለ። ፈረስ የሌለው እንኳ የአህያዬ ልብ እንዳይሰለብ ብሎ ድመቱን አወጣ። የካቲት ላይ ርብ ድልድይ "ዶሮ" በተሸከመ ሰው ተጨናነቀ። እኔ ጋጣው በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ጆሮ ቆራጣዬን ደብቄ።

ክረምት ሲገባ አይጡ መጣ። ያልገባበት ቤት አልነበረም። አይጥ ያልታየበት የግራዝማች ጋጣ ብቻ ነው፤ ይህም የክታቡ ሥራ ነው ተባለ። ሐምሌ ላይ እናቴ ጎተራውን ስትከፍት ዳጉሳው ተቦርቡሮ፣ መሀሉ ላይ አይጥ ወልዳበት አገኘች። ድመት ከየት ይገኛል አላለችም። እሷም አገሩ ያመነውን አምናለች።

"ደብተራ ይርሳው ዘንድ ሄጄ ለጎተራው ክታብ ላስጽፍ" አለችኝ።

ባዶ እጅ አይኬድምና ቤት የቀረችውን አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ሄደች። ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ቆዳው በቅቤ ታሽቶ መጣ፤ ምናልባትም በእኛው ቅቤ። የጎተራው አፍ ላይ አሰረችው። አይጦቹ መጀመሪያ ክታቡን በሉት፤ ከዚያ ወደ ዳጉሳው ተመለሱ። ያን ክረምት እናቴ በዚያ ዕድሜዋ የሰው እህል በወፍጮ እየፈጨች አወጣችው።

ዛሬ ግራዝማችም ደብተራውም በሕይወት የሉም። በእነሱ መሳቅ ቀላል ነው፤ እስቅባቸዋለሁም። በይፋጉ ነገርም አላፍርም፤ የበደልኩትን ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። እናቴ ግን እውነቱን ሳትሰማ ሞተች። ወደ ደብተራው ቤት የተነሣች ዕለት አጠገቧ ነበርኩ፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ የቅሉን አፍ በቅጠል ወተፍኩላትና፣ "በይ እማየ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ድረሽ" ብዬ ሸኘኋት።